«ማን ሠራላት?»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን የሰማሁት አንድ ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን በእጅ ሥራ ክፍላችን ውስጥ የተማሪዎች ሥራ ለእይታ ተደርድሮ ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የአያቷን ራስ ከጭቃ ሠርታ አቅርባለች። የሻሻቸው አስተሳሰር፤ የተጨማደደው ግንባራቸው፤ ጥርስ ያለቀበት አፋቸው እንኳ ሳይቀር አሮጊቷን ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታወቅ ነበር። አንድ የተከበሩ እንግዳ ቀረብ ብለው አዩና እጅግ አደነቁ። ከዚያም ወደ መምህራችን ዘወር ብለው «መልካም ነው፤ ግን ማን ሠራላት?» ሲሉ ጠየቁ።

ከዚያው ጎን አንድ ወንድ ጓደኛችን የሠራው ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ቆሞ ነበር። ያንን ጠረጴዛ ማን እንደ ሠራለት የጠየቀ ሰው አልነበረም። (እኔ ግን እንጨቱን ማን እንደ ላገለት ዐውቃለሁ፤ አጎቱ አናጢ ናቸው።)

ጓደኛዬ ፈገግ ብላ ዝም አለች። እኔ ግን ተናደድሁ። ንዴቴን የተመለከቱት የሥዕል መምህራችን «ይህ ጥያቄ ለእርሷ ብቻ የቀረበ አይምሰልሽ። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት በሮም ከተማ ትኖር ለነበረች አንዲት ቀራጺ ቀርቦላት ነበር፤ ያውም በጋዜጣ። እንዴት አድርጋ እንደ መለሰች ፈልገሽ አንብቢ» አሉኝ። እኔም ፈልጌ አነበብሁ። ያገኘሁትን እነሆ እጽፋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ስለ ቀድሞዎቹ የሴቶች መጽሔቶች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1770 በሎንዶን መታተም የጀመረው «ዘ ሌዲስ ማጋዚን» ከተረትና ከግጥም ጋራ ለአንባቢዎቹ የጥልፍ ንድፍ ይልክ ነበር። በእነዚህ ገጾች ላይ የሴት ልጅ ጥበብ ማለት በአብዛኛው መርፌና ክር ነው። አንዲት የባለጸጋ ልጅ ጥቂት ሥዕል መሣል ብትችል፤ ፒያኖ እንደ መምታትና ፈረንሳይኛ እንደ መናገር ያለ ጌጥ ሆኖ ይቆጠርላት ነበር እንጂ፤ በዚህ ሥራ እንጀራ ትበላለች ብሎ የሚያስብ ሰው እምብዛም አልነበረም።

በአሜሪካም በ1830 በፊላዴልፊያ ከተማ «ጎዲስ ሌዲስ ቡክ» የሚባል መጽሔት ተቋቋመ። ከ1837 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ያዘጋጁት ሣራ ጆሴፋ ሄል የሚባሉ ሴት ናቸው። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በተቃረበበት ጊዜ መጽሔቱ 150,000 የሚያህሉ ደንበኞች ነበሩት። ሰው ሁሉ በጉጉት የሚጠብቀው ግን የልብስ ፋሽን የሚታይባቸውን ባለ ቀለም ገጾች ነበር። በዚያ ዘመን ቀለሙ በመኪና የሚታተም አልነበረምና፤ ጎዲ 150 የሚያህሉ ሴቶች ቀጥሮ እያንዳንዱን ገጽ በብሩሽ ያስቀባ ነበር። በዚህ ምክንያት የአንዷ ደንበኛ ቀሚስ ሰማያዊ፤ የጎረቤቷ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ ነበር ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዲት አንባቢ «ሴት ሠዓሊ የት ትገኛለች?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ በያዘችው ገጽ ላይ በቀለም ተጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ የአንዷም ቀቢ ስም በገጹ ላይ አልታተመም።

ስም ያላቸው ሴት ሠዓልያን ፈጽሞ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። በ1768 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል አንጄሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር የሚባሉ ሁለት ሴቶች ይገኙ ነበር። ነገር ግን ዞፋኒ የተባለው ሠዓሊ የአካዳሚውን አባሎች በአንድ ሸራ ላይ በሣለ ጊዜ ወንዶቹ ራቁቱን የተቀመጠውን ሞዴል ከበው ሲነጋገሩ፤ ሁለቱ ሴቶች በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሥዕሎች ሆነው ብቻ ይታያሉ። እንዲህ ባለ ክፍል ሴት ትገባለች ማለት ነውር ነበርና። ከእነዚህ ሁለት ሴቶች በኋላ ሎራ ናይት በ1936 ሙሉ አባል ሆና እስክትመረጥ ድረስ ሌላ ሴት ወደዚያ ማዕርግ አልደረሰችም።

በአካዳሚው ትምህርት ቤት ገብቶ መማርም እንደዚሁ ለሴቶች ዝግ ነበር። በ1859 ብዙ ሴቶች ተሰብስበው በራቸው ይከፈትላቸው ዘንድ አቤቱታ ጻፉ። በሚከተለው ዓመት ሎራ ሄርፎርድ የምትባል ሠዓሊ ለመግቢያ ፈተና ሥዕሎቿን ስትልክ የመጀመሪያ ስሟን በአንድ ፊደል አሳጥራ ፈረመች። መርማሪዎቹ ወንድ መስሏቸው ተቀበሏት። ስሟ በተሸሸገ ጊዜ ሥዕሉን ማን እንደ ሣለው የጠየቀ አልነበረም።

ያንን አቤቱታ ከፈረሙት አንዷ ባርባራ ቦዲሾን ናት። እርሷ ራሷ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ስትሆን፤ ከጓደኛዋ ከቤሲ ፓርክስ ጋራ ሆና በ1858 «ኢንግሊሽ ውመንስ ጆርናል» የተባለውን መጽሔት አቋቁማለች። ይህ መጽሔት የልብስ ፋሽን አልነበረበትም። ዓላማው ሴቶች ሠርተው ደመወዝ የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት ነበር። ስለዚህም ገና በመጀመሪያው ዓመት የሁለት ሴቶችን ታሪክ አወጣ፤ ይኸውም የፈረንሳዊቱን ሠዓሊ የሮዛ ቦነርንና የአሜሪካዊቱን ቀራጺ የሃሪየት ሆዝመርን ነው። ሁለቱም በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩና ለመጽሔቱ ጥሩ ምስክሮች ሆኑለት።

ስለ ሮዛ ቦነር አጭር ቃል ልናገርና ወደ ሆዝመር አልፋለሁ። ቦነር «የፈረስ ገበያ» የተባለውን ሥዕል በ1853 በፓሪስ ለሕዝብ አሳይታለች። ስፋቱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል፤ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ወደ ፈረስ ገበያና ወደ ቄራ እየሄደች እንስሳቱን ለመሣል እንዲመቻት ከፓሪስ ፖሊስ ሱሪ ለመልበስ ፈቃድ አውጥታ ነበር። እኔ ስለ እርሷ ካነበብሁት ውስጥ ስለ ሱሪው የማያነሣ አላገኘሁም። የፈረሶቹን ጡንቻ እንዴት አድርጋ እንደ ሣለችው የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው።

የሃሪየት ሆዝመርም ዕጣ ይህንኑ ይመስላል። በ1830 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር ዋተርታውን በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷም ወንድሞቿና እኅቷም በሳንባ በሽታ አለቁባት። አባቷ ሐኪም ነበሩና የቀረችላቸውን አንዲት ልጅ ለማዳን ሲሉ ከቤት አውጥተው በፈረስ፤ በጀልባና በዋና አሳደጓት። ቀራጺ ለመሆን በፈለገች ጊዜ የሰውን አካል አሠራር ማጥናት አስፈለጋት፤ በአካባቢዋ ያሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ሴት አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ ሩቅ አገር ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዳ ዶክተር ማክዳውል በሚባሉ መምህር ዘንድ ተማረች። በ1852 ከአባቷ ጋራ ወደ ሮም ተጓዘች፤ በዚያም በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ቀራጺ ጆን ጊብሰን ተማሪ አድርጎ ተቀበላት።

በዚያ ዘመን ስለ እርሷ የጻፉት ሰዎች አጭር ፀጉሯን፤ የከፋይ ቆቧን፤ የወንድ የሚመስለውን ጃኬቷን፤ በሮም ጎዳናዎች ብቻዋን በፈረስ መጋለቧን በፍቅር ይተርካሉ። ቃላቸው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም አንባቢዋ እንድትወዳት ያደርጋል። በልጅነት ዕድሜዬ ብሆን ኖሮ እኔም ቆቡን በተመኘሁ ነበር። ችግሩ፤ አንባቢዋ መጽሔቱን ስታጥፍ ስለ ሰውዬዋ ብዙ ታውቃለች፤ አንድ ሐውልት ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ግን ምንም አታውቅም። ይህ ጉድለት ምን ጉዳት እንዳመጣ ቀጥሎ ይታያል።

ሆዝመር በ1859 «ዜኖቢያ በሰንሰለት» የተባለውን ታላቅ ሥራዋን ፈጸመች። ዜኖቢያ በሦስተኛው መቶ ዓመት የፓልሚራ ንግሥት ነበረች። የሮም ንጉሠ ነገሥት ኦሬልያን ድል አድርጎ ማርኳታል። ሐውልቱ የሚያሳያት በሮም ጎዳና ለትርኢት ስትነዳ ነው። ከሰው ቁመት ትበልጣለች፤ ዘውዷ ከራሷ አልወረደም፤ ሰንሰለቱን በእጇ ይዛ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትሄዳለች። አታለቅስም፤ አትለምንም። በ1862 በሎንዶን በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ይህ ሐውልት በታየ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከበበው።

በሚከተለው ዓመት በ1863 አልፍሬድ ጋትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቀራጺ ሮም ላይ ሞተ። ስለ እርሱ ሞት በወጣው ጽሑፍ ውስጥ፤ ጉዳዩ ሳይሆን፤ የሆዝመር ዜኖቢያ የተሠራችው በእርሷ ሳይሆን በአንድ ኢጣልያዊ ሠራተኛ ነው የሚል ቃል ገባበት። ይህንን ቃል ካወጡት አንዱ የታወቀው የሥነ ጥበብ መጽሔት «አርት ጆርናል» ነው። ሁለተኛው ግን «ዘ ኩዊን» ነበር፤ ትርጓሜው ንግሥቲቱ ማለት ነው፤ በ1861 ለሴቶች ተብሎ የተቋቋመ ጋዜጣ። ጓደኛዬን ያሳፈራት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እንግዳው በአንድ ክፍል ውስጥ ተናገሩት፤ ይህ ግን ታትሞ በየቤቱ ገባ። ያነበቡትም ሴቶች ናቸው።

አሁን አንድ ጊዜ ቆም ብለን የእብነ በረድ ሐውልት እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ይህን ሳያውቁ ማን እውነት እንደ ተናገረ መፍረድ አይቻልምና።

ቀራጺው አስቀድሞ ሐሳቡን በትንሽ ጭቃ ይሠራዋል። ይህ ትንሽ ቅርጽ አንድ ክንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ግን የሐውልቱ አቋም፤ የልብሱ አጣጣል፤ የራሱ ዘንበል ማለት ሁሉ በዚያ ይወሰናል። ቀጥሎ በሐውልቱ ሙሉ ቁመት ልክ ከብረት አጽም ይተከላል። ጭቃ ብቻውን ቢቆም ክብደቱ ይጥለዋልና። ረዳቶች ከትንሹ ቅርጽ እየለኩ በብረቱ ላይ ጭቃውን ይከምራሉ። ከዚህ በኋላ ቀራጺው ራሱ ገብቶ ለብዙ ወራት ይሠራበታል፤ ፊት የሚወጣው፤ እጅ የሚለሰልሰው፤ የጨርቅ እጥፋት የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። (ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ይህን ረስታ የአያቷ ጆሮ ሰኞ ጧት ወድቆ ተገኝቷል።)

የጭቃው ሥራ ሲያልቅ ጀሶ ይፈስበታል። ጀሶው ሲደርቅ ጭቃው ከውስጡ ይወጣና ባዶው ቅርጽ እንደ ገና በጀሶ ይሞላል። የውጭው ቅርፊት ተሰብሮ ሲወገድ የጀሶ ሐውልት ይገኛል። ወደ እብነ በረዱ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው። በጀሶው ላይ ብዙ ነጥቦች ይደረጋሉ። ሠራተኞች የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በመለኪያ እየወሰዱ ድንጋዩን እስከዚያው ጥልቀት ድረስ ይበሱታል፤ ከዚያም በነጥቦቹ መካከል ያለውን ትርፍ ድንጋይ በመሮና በመዶሻ ያነሡታል። ለፊትና ለእጅ በሙያቸው የተመረጡ ጠራቢዎች አሉ። በመጨረሻ ቀራጺው መጥቶ የጎደለውን ያስተካክላል።

እንግዲህ «ድንጋዩን የጠረበው ኢጣልያዊ ሠራተኛ ነው» የሚለው ቃል እንደ ቃሉ ብቻ ቢወሰድ ሐሰት አይደለም! ነገር ግን የካኖቫን ድንጋይ፤ የቶርቫልድሰንን ድንጋይ፤ የሆዝመርን መምህር የጊብሰንን ድንጋይ ሁሉ የጠረቡት እንዲሁ ሠራተኞች ናቸው። ስለ እነርሱ ሲነገር «ሠራተኛ ቀጠሩ» ይባላል፤ ስለ እርሷ ሲነገር ግን «ሠሩላት» ተባለ።

ወደ አገራችንም መለስ ብንል፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኙት የእጅግ የተከበሩ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር ስፋት አላቸው። ንድፉ የእርሳቸው ነው፤ መስታወቱን በማዘጋጀት ግን የፈረንሳይ የመስታወት ሙያተኞች ሠርተውበታል። መስኮቶቹን ከክፍላችን ጋራ ሄደን ባየን ጊዜ አስጎብኚው ይህንን ነገሩን፤ ከመካከላችን አንድም ተማሪ «እንግዲያው የእርሳቸው አይደለም» አላለም።

ሆዝመር ምን አደረገች? በመጀመሪያ የስም ማጥፋት ክስ አነሣች። ጊብሰን ለእርሷ መሰከረ፤ በሮም ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ቀራጺ ዊልያም ስቶሪም በጋዜጣ ጽፎ ተከራከረላት። መጽሔቶቹ ቃላቸውን አነሡ። በሮም ካፌ ተቀምጠው የሚያሟትን ወንዶች የሚቀልድ ግጥምም ጻፈችባቸው፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ሦስተኛው ሥራዋ ነው። በታኅሣሥ 1864 «አትላንቲክ መንዝሊ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ስለ ሐውልት አሠራር ሰፊ ጽሑፍ አወጣች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ቆቧና ስለ ፈረሷ አታወራም። ከላይ እንደ ገለጽሁት ስለ ጭቃው፤ ስለ ብረቱ፤ ስለ ጀሶውና ስለ ነጥቡ ታስረዳለች። «ሁሉንም በገዛ እጄ ጠረብሁ» ብላ ብትናገር ሰው ያደንቃት ነበር፤ ግን ውሸት ይሆን ነበር። ስለዚህ ሠራተኛ መቅጠሯን አልሸሸገችም። ወንዶቹ ሁሉ በሚሠሩበት ሥርዓት መሥራቷን ገለጸችና፤ ሥርዓቱ ነውር ከሆነ የሁሉም ነውር ይሁን የሚል ፍርድ ለአንባቢው ተወች።

እዚህ ላይ ከሆዝመር ጋራ የማልስማማበት አንድ ነገር አለኝ። እነዚያ ኢጣልያውያን ጠራቢዎች ስማቸው ማን ነበር? የጎዲ መጽሔት ቀቢዎች ስም እንዳልታተመ ሁሉ የእነርሱም ስም በሐውልቱ ላይ የለም። ክርክሩ ሁሉ ሲደረግ ሠራተኛው የሚነሣው ሴቲቱን ለማሳነስ ብቻ ነበር እንጂ እርሱን ለማመስገን አልነበረም። ይህን ለመምህሬ ባነሣ ጊዜ «ይህ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል» ብለው አለፉት።

በዚያው በሮም ከ1866 ጀምሮ ኤድሞኒያ ሉዊስ የምትባል ሌላ አሜሪካዊት ቀራጺ ትሠራ ነበር። አባቷ ጥቁር፤ እናቷ ደግሞ ኦጂብዌ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ወገን ነበሩ። ለሴት ሌላ ሰው ሠራላት የሚባል ከሆነ፤ ለጥቁር ሴት ምን ሊባል እንደሚችል እርሷ ሳትረዳው አልቀረችም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ረዳት ድንጋዩን ራሷ ትጠርብ ነበር። የሴቶች መብት ጋዜጣ የነበረው «ዘ ሬቮሉሽን» በ1871 ስለ እርሷ ጽፏል። በ1876 በፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ያቀረበችው «የክሌዎፓትራ ሞት» ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ይህ ሐውልት በኋላ ጠፍቶ በቺካጎ አጠገብ ክሌዎፓትራ የምትባል የእሽቅድምድም ፈረስ መቃብር ላይ ለብዙ ዓመት ቆሞ ነበር። አሁን በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የሆዝመር ዜኖቢያም በካሊፎርኒያ በሃንቲንግተን ሙዚየም ቆማለች።

የሉዊስን ጀግንነት አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ወንዶቹ ለሠራተኛ የሚተዉትን ድካም እርሷ በትከሻዋ የተሸከመችው ድንጋዩ እንዲያምር ብቻ አልነበረም፤ ሰው እንዲያምናትም ጭምር ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ሌላ ሐውልት በሠራች ነበር እላለሁ።

ጓደኛዬ ዘንድሮም ለወላጆች በዓል ታቀርባለች። አሁን የምትሠራው የትምህርት ቤታችንን የዘበኛ አባባ ራስ ነው፤ ሽቦውን ተክላ ጭቃውን ጀምራለች፤ አባባም በሻይ ሰዓት እየመጡ ይቀመጡላታል። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፎቶግራፍ አንሥተን ከጎኑ ብንደረድር ማንም አይጠይቅሽም» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እሺ፤ እደረድራለሁ። ግን ጠረጴዛ የሠራውም ልጅ የእርሱን ይደርድር» አለችኝ።

ሄደን ልጁን ጠየቅነው። አጎቱን አማክሮ እንደሚነግረን ተናገረ።